የመጀመሪያዋ ዓሣ ሆድ

የዓሣ ባለሙያ ነኝ ስል ሰው ይስቃል። እውነቱን ነው። ሶዶ ተወልዳ፣ ሶዶ አድጋ፣ ዓሣ የሚባል ነገር ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጪ ያላየች ልጅ የዓሣ ባለሙያ ስትሆን ምን ይባላል? ኮሌጅ ስገባ የሞላሁት ከብት እርባታ ነበር። ምደባው ሲለጠፍ ግን ከስሜ ትይዩ "ዓሣ ሀብት" ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት። ለምን ብዬ ብጠይቅ "ኮታው ስላልሞላ" አሉኝ፤ በቃ፣ ኮታ መሙያ ሆኜ ቀረሁ። እናቴ ወሬውን ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ነግራ ስለነበር እሑድ ዕለት መዘምራኑ ተቀባበሉብኝ። "ጴጥሮስ መረቡን ጥሎ ጌታን ተከተለ፤ አንቺ ደግሞ መዘምራኑን ጥለሽ መረብ ልትከተይ?" አሉኝ። አባቴ ብቻ አልሳቀም። አስተማሪ ስለሆነ በመንግሥት ምደባ መሳቅ አይወድም።

ይህን የምጽፈው ያ ጊዜ ናፍቆኝ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። እኛ ጴንጤዎች ቄስ ፊት ቀርቦ መናዘዝ የለንም፤ በጸሎት ለጌታ ነግረን እንነሳለን። ነግሬዋለሁ። ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። አንዳንዱ ነገር ግን ሰው ካልሰማው ከሆድ አይወጣም መሰለኝ።

የሠራሁበትን ቢሮ ስም አልጠራም። እኔ እያለሁ እንኳ ሦስት ጊዜ ስሙ ተቀይሯል፤ በየለውጡ አዲስ ማኅተም ይመጣል እንጂ አዲስ ወንበር አይመጣም። ቤት የተከራየሁት ተበላ የምትባል ከተማ ነበር። ከሶዶ ለሄደ ሰው ተበላ ይሞቃል፤ ከተበላ ወደ አባያ ሐይቅ ሲወርዱ ደግሞ ተበላ ራሱ ይናፍቃል። ቢሮው አንድ ሞተር ሳይክል ነበረው። ወይ ቤንዚን የለውም፣ ወይ ጎማው ተንፍሷል፤ ሁለቱም የተሟላ ቀን ኃላፊው ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ የጭነት መኪና እስከሚያደርሰኝ በመኪና፣ ከዚያ በእግሬ ነበር የምወርደው። ባልደረቦቼ "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ተጠንቀቂ" እያሉ ይሸኙኛል። ዘንዶ አላወጣሁም። አዞ ግን አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዘንዶውን አልፈራሁትም።

ሐይቁ ውስጥ ብዙ ዓይነት ዓሣ አለ። ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ። የእኔ ነገር ግን ስለ አንዱ ነው። እኛ መዝገብ ላይ ቢልጫ ብለን እንጽፈዋለን፤ አጥማጆቹ "የወንዙ ዓሣ" ይሉታል። ዓመቱን ሙሉ ሐይቅ ውስጥ ይኖራል። የበልግ ዝናብ ሲጥልና ወንዙ ደፍርሶ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ፣ ይሄ ዓሣ የውሃውን ጠረን ያውቀዋል፤ ተነስቶ ሽቅብ ይሄዳል። ጅረቱን እየታገለ፣ ሆዱ ድንጋይ እየነካ፣ ጠጠር ያለበት ንጹሕ ውሃ ድረስ ወጥቶ እንቁላሉን ይጥልና ይመለሳል። ታዲያ ወንዙ ሐይቁን የሚነካበት ቦታ፣ የወንዙ አፍ የምንለው፣ ጠባብ ነው። ሁሉም በዚያ ያልፋል። መረብ ዘርግቶ ለሚጠብቅ ሰው ሥራው ቀላል ነው፤ ዓሣው ራሱ ይመጣለታል። አደጋውም እዚያው ላይ ነው።

አጥማጆቹ ይህን ከእኔ በፊት ያውቁ ነበር፤ ኮሌጅ ሳይገቡ። የማኅበራቸው ሊቀመንበር ስልሳ ዓመት የተጠጉ፣ አንድ ጣታቸውን አዞ ይሁን መጥረቢያ እንደቆረጠው በየጊዜው የተለያየ ወሬ የሚነግሩ ሰው ነበሩ። እኔ ጋሼ እላቸው ነበር። ሥርዓቱን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በልግ ሲገባ በወንዙ አፍ የምትያዘው የመጀመሪያዋ ዓሣ አትሸጥም፣ አትበላም። ዳር ላይ ትወጣና ከመካከላቸው በዕድሜ ታላቁ ሰው ሆዷን ይቀድዳል። እንቁላል ካለባት ያ ሰው ጮክ ብሎ "መረብ ይነሳ!" ይላል። በቃ። ያን ዕለት ከወንዙ አፍ መረብ ሁሉ ይወጣል፤ ዓሣዋም ከነእንቁላሏ ወደ ውሃው ትመለሳለች። ከዚያ በየሳምንቱ አንዲት ብቻ ይይዙና ሆዷን ያያሉ። ባዶ ሆድ ያላት፣ ወልዳ የተመለሰች ስትመጣ መረብ ይገባል። ቀን የሚቆርጥ ሰው የለም፤ ቀን የምትቆርጠው ዓሣዋ ናት።

"ጋሼ፣ እንቁላል አይተው ዝም ያሉ ታላቅ የሉም?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር አንድ ቀን።

"ሆድ ቀዶ ዝም የሚል ሰው ምን ሰው ነው?" አሉኝ፤ የጠየቅኩት ነውር ይመስል ፊታቸውን አዞሩ።

እኔ ግን ዕቅድ ነበረብኝ። ዕቅድ ደግሞ ቀን ይፈልጋል። ቅጹ ላይ "የዕገዳ ጊዜ፦ ከ___ እስከ ___" የሚል መስመር አለ፤ እዚያ ላይ "የዓሣዋ ሆድ ታይቶ" ብዬ ብጽፍ መሳቂያ እሆናለሁ። ስለዚህ ሄጄ ጠየቅኳቸው።

"ጋሼ፣ ዓሣዎቹ መቼ ነው የሚወጡት?"

"ዝናብ ሲጥል።"

"ዝናቡስ መቼ ነው የሚጥለው?"

"እሱን ፈጣሪን ጠይቂ፤ እኔ ምን አውቅልሻለሁ?"

"እሺ፣ ብዙ ጊዜስ?"

አሰቡ፣ አሰቡና "ድሮ መጋቢት አጋማሽ ላይ ነበር፤ ሚያዝያ ሲያልቅ ተመልሰው ይወርዱ ነበር" አሉ።

ጻፍኩት። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ዝግ፤ ግንቦት ሲገባ ክፍት። "ድሮ" የምትለዋን ቃል ግን የማስገባበት ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም። ተውኳት። ዕቅዱ ጸደቀ፣ ማኅተም ተመታበት፣ በሚቀጥለው ዓመት ተገልብጦ ተጻፈ፣ በሚቀጥለውም። ሦስት ዓመት ያህል ዝናቡም ዕቅዱን ያነበበ ይመስል በቀኑ መጣ። እኔም ጎበዝ ተባልኩ። ኃላፊው በየስብሰባው "ልማዳዊ አሠራርን በዘመናዊ የተካች ባለሙያ" እያለ ያነሳኛል። ሊቀመንበሩም አልተቃወሙም። የዓሣዋን ሆድ መቅደዳቸውን ቀጠሉ፤ ሆዷም ቀኑም ስለተገጣጠሙ ማንም ከማንም አልተጣላም።

አንድ ዓመት ለሥልጠና ሀዋሳ ሄድኩ። አሠልጣኙ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ድምፁ ቀጠን ያለ ሰው ነበር። ሳልሞን ስለሚባል ዓሣ ፊልም አሳየን። ቀዝቃዛ አገር ነው፤ ዓሣው ከባሕር ተነስቶ በወንዝ ሽቅብ ይወጣል፣ ፏፏቴ ይዘላል፣ ድብ ቆሞ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ድቡ ሲመጣ አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን ይሄማ የእኛው ነው አልኩ። አሠልጣኙ ፊልሙን አቁሞ "እዚያ ውሃው እየሞቀ ነው፤ በረዶው ቀድሞ እየቀለጠ ነው። ዓሣው በለመደው ቀን ሲመጣ ውሃው የለም፣ ውሃው ሲመጣ ዓሣው የለም" አለ። ይህችን ቃል በቃል ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኳት። "ጥያቄ ያለው?" ሲል አንድ ሰው እጁን አወጣና ምሳ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀ።

ተመልሼ ለሊቀመንበሩ ነገርኳቸው። ስለ ድቡ ስነግራቸው ሳቁ፣ ስለ በረዶው ስነግራቸው አላመኑኝም። መጨረሻ ላይ ስለተሳሳተው ቀን ስነግራቸው "ታዲያ እዚያ አገር ሆዷን ቀዶ የሚያይ ታላቅ የለም?" አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው።

ወዲያው በዓመቱ በልጉ ዘገየ። ሚያዝያ ተጋመሰ፣ ወንዙ አሸዋ ላይ የሚንቀረፈፍ ቀጭን ውሃ ነበር። ከላይ ገበሬው በቆሎው ደርቆበት በሞተር ይስበዋል፤ ማን ይፈርድበታል? ልጆቹን ያብላ እንጂ። ውሃው ውስጥ እጄን ስነክር ተጥዶ የቆየ የሻይ ውሃ ይመስል ለብ ይላል። ሽፈራው ዛፍ ሥር የተቀመጡ ሴቶች "ኢራ ጠፋ፣ ዝናብ ጠፋ" እያሉ ሰማይ ያያሉ። ቢሮ ውስጥ ደግሞ "የአየር ንብረት ለውጥ" የሚባል ነገር ከሥርዓተ ፆታና ከኤች አይ ቪ ጋር አንድ ላይ በሪፖርቱ መጨረሻ ገጽ "ተሻጋሪ ጉዳዮች" በሚል ርዕስ ሥር እንዲጻፍ ታዘዝን። ጻፍነው። በየሩብ ዓመቱ ያው አንድ አንቀጽ ነው፤ ተሻጋሪ ነው እውነትም፣ ከሪፖርት ወደ ሪፖርት ይሻገራል።

የመክፈቻው ቀን ደረሰ። ዝናብ ከጣለ አንድ ሳምንት አልሞላውም ነበር፤ ዓሣዎቹ ገና መንገድ ላይ ናቸው። እኔም ደፈርኩ። ማንንም ሳልጠይቅ ዕገዳው በሁለት ሳምንት እንዲራዘም ደብዳቤ ጻፍኩ። ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን ማንበብ ስለማይችሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ መረቁኝ። ያ ዓመት በደህና አለፈ፤ ዓሣዎቹ ወጡ፣ ወለዱ፣ ወረዱ።

እኔ ግን ግምገማ ላይ ተጠመድኩ። ግምገማን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ወንበር በክብ ይደረደራል፤ መጀመሪያ ራስህ ግለ ሂስ ታወርዳለህ፣ "ይህ ይህ ድክመት አለብኝ" ትላለህ። ከዚያ ጓደኞችህ የረሳኸውን ያስታውሱሃል። አብራኝ ምሳ የምትበላ ልጅ ናት መጀመሪያ እጇን ያወጣችው፤ "የጸደቀ ዕቅድ በግሏ አጥፋለች" አለች። ሌላው "ከአጥማጆቹ ጋር የጥቅም ትስስር ሊኖራት ይችላል" አለ። ኃላፊው ብዕሩን እያሽከረከረ "ኪራይ ሰብሳቢነት በብዙ መልኩ ይገለጻል" አለ። ከአጥማጆቹ ያገኘሁት ጥቅም ሁለት ጊዜ ቆሮሶ በዳጣ ነው። እሱንም ለማስረዳት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት፤ ባስረዳ እሱ ራሱ ማስረጃ ይሆንብኝ ነበር። ውጤቴ ወረደ።

ውጤቱ ለራሱ ምንም አልነበረም። እናቴ ግን ታማ ነበር። ሶዶ ብቻዋን ተኝታ፣ አባቴ ከክፍል ክፍል እየሮጠ፣ እኔ ተበላ ላይ አሸዋ እለካለሁ። ዝውውር ጠይቄ ነበር። ዝውውር የሚሰጠው ደግሞ በውጤት ነው። "በሚቀጥለው ዓመት ካሻሻልሽ እናያለን" አሉኝ። አሻሽላለሁ አልኩ።

በሚቀጥለው ዓመት በልጉ ይባስ ብሎ ዘገየ። መጋቢት ደረቅ፣ ሚያዝያ ደረቅ። ሊቀመንበሩ ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ቢሮዬ ድረስ መጡ። በእግራቸው ነው የመጡት፤ ጫማቸውን አውልቀው አቧራውን በር ላይ ሲያራግፉ በመስኮት አየኋቸው።

"ልጄ፣ አትክፈቱ" አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። "ውሃው አልመጣም። ዓሣዋ አፉ ላይ ተሰብስባ እየጠበቀች ነው። ሆዷ ሞልቶ መሄጃ አጥታለች። አሁን መረብ ከገባ የሚቀር የለም።"

"ለኃላፊው እነግራለሁ ጋሼ" አልኩ።

ነገርኩትም፤ ይሄን ያህል እንኳ አደረግኩ። ኃላፊው ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጦ ጥግ ላይ የተጠቀለለ ጨርቅ አሳየኝ። "ባነሩ ታትሟል" አለ። ዘረጋሁት። "የዓሣ ምርት ወቅት መክፈቻ በዓል" ይላል፤ ቀኑ በቀይ፣ በትልቁ። እንግዶች ተጠርተዋል፣ ካሜራ ይመጣል። "አንቺ ደግሞ ባህላዊ ሥነ ሥርዓት ፕሮግራሙ ላይ እንዲገባ ጠይቀሽ አልነበር? አስገብተነዋል። ሽማግሌው የመጀመሪያዋን ዓሣ ይቀድዳሉ" አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔው ነኝ በመስከረም የጠየቅኩት። ያኔ ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። የእናቴን መድኃኒት ይዤ ለቅዳሜ ሶዶ መውጣት ነበረብኝ፤ አልተከራከርኩም። "እሺ" ብዬ ወጣሁ።

ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ዝናብ ጣለ። አቤት የጣለው! ሰው ውጪ ወጥቶ ተመታ። ኃላፊው "ፈጣሪም ከልማቱ ጋር ነው" አለ። ወንዙ ደፍርሶ፣ ግንድ እየገፋ ወረደ። ዓሣዎቹ ስንት ወር የጠበቁት ያ ነበር፤ ወደ አፉ ተመሙ።

የበዓሉ ዕለት ዳሱ ተተክሏል፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ ባነሩ በሁለት ዛፍ መሐል ተወጥሯል። ማኅበረተኞቹ የታደላቸውን አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው ቆመዋል። ሊቀመንበሩ ካናቴራውን ከኮታቸው በላይ ነው የለበሱት። አንዲት ዓሣ ወጣች፤ ትልቅ ናት፣ ወርቅማ። ሳር ላይ አጋደሟት። ሊቀመንበሩ ቢላዋቸውን አወጡና ሆዷን ቀደዱ።

እንቁላሉ ፈሰሰ። ቢጫ፣ ብዙ፣ እንደ ጤፍ የደቀቀ አይደለም፤ ፍሬ ፍሬው የሚታይ፣ የደረሰ እንቁላል። በመዳፋቸው ሊቀበሉት ቢሞክሩም በጣታቸው መሐል አመለጠ።

እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ምን እንዳዩ ገባኝ። ምርት አዩ። አንዱ እንግዳ "ይሄ ነው እንግዲህ፣ ተመልከቱ በረከቱን!" አለ፤ ካሜራው ቀረበ። ሊቀመንበሩ ግን ካሜራውን አላዩም። ቢላዋውን እንደያዙ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ነገሩ ድሮ ቢሆን ይጮኹ ነበር። አሁን ግን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ማኅተም ያለኝ እኔ ነኝ፣ አምና ያራዘምኩት እኔ ነኝ። ጠበቁኝ። አንዲት ቃል ነበረች፤ በአማርኛም በወላይትኛም አውቃታለሁ። አፌ ውስጥ ነበረች።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እኔም ዝም አልኩ። የእናቴን ፊት አየሁ፣ የክብ ወንበሮቹን አየሁ፣ ዝም አልኩ። ሊቀመንበሩ ቢላዋውን በካናቴራው ጠርገው አጠፉት። ኃላፊው ሪባኑን በመቀስ ቆረጠ፤ መረብ ገባ።

ያቺን ዓሣ ጠብሰው ለእንግዶች አቀረቧት፤ እንቁላሉን ለብቻ፣ በዳጣ። ለእኔም ደረሰኝ። በላሁ። ይጣፍጥ ነበር፤ ይሄንንም መደበቅ አልፈልግም።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት የተያዘው ዓሣ ተወርቶ አያልቅም። ታንኳዎቹ እየሰጠሙ ነበር የሚመለሱት። ከሶዶ መኪና ይመጣ ጀመር። ሪፖርቱን እኔ ጻፍኩት፤ ከዕቅድ በላይ። የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፣ በጥቁር ክፈፍ። ዝውውሬም ወጣ። ስሰናበት ሊቀመንበሩ የሉም፤ ገበያ ሄደዋል አሉኝ። የገበያ ቀን አልነበረም።

እናቴን አስታመምኳት። ሁለት ዓመት ኖረች፤ አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ዘምሬላታለሁ፣ ጸጉሯን አበጥሬላታለሁ። ያንን በምንም አልለውጠውም። በምን እንደገዛሁት ግን አውቃለሁ።

ከታች ወሬ ይመጣ ነበር። በዓመቱ ዝናቡ ሰኔን ጠበቀ አሉ፤ ዓሣው ጥቂት ነበር። ከዚያ በዓመቱ ዓሣው ጭራሽ አልመጣም። ወጣቶቹ ካናቴራቸውን ለብሰው ወደ ቤሌ ማዶ ለቀን ሥራ ሄዱ። እኔም ባለሙያ ነኝና ለራሴ አስረዳዋለሁ፦ የአንድ ዓመት መረብ ብቻውን ዘር አያጠፋም፣ ወንዙ ሞቋል፣ ጠጠሩ በደለል ተሸፍኗል፣ በልጉ ቦታውን ለቋል፣ ያ ባይሆንም ይህ ይሆን ነበር። ሁሉም ልክ ነው። ለሌላ ሰው ብናገረው ያምነኛል፤ ለራሴ ስናገረው ግን እንቅልፍ አይሆነኝም።

እናቴን በቀበርን በዓመቱ፣ በሰኔ፣ ሶዶ ባለው ቢሮዬ ቁጭ ብዬ የሩብ ዓመት ዕቅድ ስሠራ በሩ ተንኳኳ። ሊቀመንበሩ ናቸው። ያው ኮት ነው፣ ሰውየው ግን አንሰውበታል። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘዋል።

"ሳሮ፣ ሳሮ" አሉ፤ ሰላም መባባላችን ነው። "እናትሽስ?"

"ዐረፈች ጋሼ።"

"ደርሰሽላታል?"

"ደርሼላታለሁ።"

"እሰይ" አሉ። ከልባቸው ነው ያሉት። እሱ ነው የበለጠ የከበደኝ።

ጥቅሉን ጠረጴዛዬ ላይ፣ ዕቅዱ ላይ አስቀመጡና ፈቱት። የወንዙ ዓሣ። ቅጠሉን እያራሱ ነው ያመጧት፤ ገና ታበራለች። ቢላዋቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉልኝ።

"ቅደጃት።"

"እኔ? ታላቁ እርስዎ አይደሉ እንዴ?"

"ድሮ ታላቅ ነበር የሚቀድደው። አሁን ማኅተም ያለው ነው። ቅደጃት።"

ባልደረቦቼ አፍንጫቸውን ይዘው ያያሉ። ቀደድኳት። ለምጄ ስለማላውቅ ቅዱን አጣመምኩት። እንቁላሉ ወረቀቱ ላይ ወጣ፤ ያው ቢጫ፣ ያው የደረሰ።

"በይ" አሉኝ።

ምን ልበል ብዬ አልጠየቅኩም። በወላይትኛ፣ ጮክ ብዬ፣ "መረብ ይነሳ!" አልኩ። ቢሮው ሁሉ ዞረ። ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ እንባዬ መጣ፤ ግን ሥራ ያዝኩ፣ ብዕር ፈለግኩ፣ ወረቀት ሳብኩ። "አሁኑኑ ደብዳቤ እጽፋለሁ ጋሼ፤ ሁለት ሳምንት አይደለም ወር አደርገዋለሁ፤ የፈለጉትን ይበሉኝ" አልኩ።

"ለማን ነው የምትጽፊው?"

"ለማኅበሩ።"

"ማኅበሩ እኔ ነኝ" አሉ። "ሌላ ሰው የለም። መረብ ያለኝም እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም ትናንት አውጥቼዋለሁ።"

"ታዲያ ይቺ...?"

"እስካሁን የመጣችው ይቺ ናት። ይቺን እስካገኝ አሥር ቀን ጠበቅኩ፤ ሌላ አላየሁም። ልልቀቃት ብዬ ነበር። ግን ወንድ የላት፣ ጓደኛ የላት፤ ወጥታስ ከማን ትወልዳለች? እዚያ አሸዋው ላይ ብቻዋን ከምትቀር አንቺ ጋ ትምጣ አልኩ። ቃሉን ከአፍሽ ልስማው ብዬ ነው።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ። ብዕሩን አስቀመጥኩ።

ምሳ እንብላ ብላቸው እንቢ አሉ፤ የመጀመሪያዋ ዓሣ ሳትመለስ አይበላም አሉ። እንቁላሉን ከወረቀቱ ላይ በጣቴ እየለቀምኩ ሆዷ ውስጥ መለስኩት፤ ጥቂት ፍሬ ዕቅዱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። መልሰን በቅጠሉ ጠቀለልናት። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። የተበላው ሚኒባስ ሾፌር ዞር ብሎ "አባባ፣ የያዙት ነገር ይሸታል፤ ዓሣ ነው? አይሸጡልኝም?" አላቸው። "አይሸጥም" አሉና ጥቅሉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

በመስኮቱ በኩል "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው። ስንት ዓመት የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ፤ የወጣው ግን ይሄው ብቻ ነው።

አላዩኝም። ጥቅሉን እያስተካከሉ "ያን ዕለት ቢላዋው እኔ እጅ ላይ ነበር እኮ" አሉ። "እኔስ አፍ አልነበረኝም?"

ሚኒባሱ ሰው ስለሞላ ወዲያው ተነሳ።